ኮምፒዩተሩ ቢጠፋ የአባሉ ሒሳብ ከየት ይገኛል?



እንደሚታወቀው የዩኒየን ሀብት ሲባል ቶሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው መጋዘኑ፣ መኪናውና ሚዛኑ ነው። ይሁን እንጂ አንድ አባል ስንት ዕጣ እንደገዛ፣ ስንት ኩንታል እንዳስረከበ፣ ምን ያህል የማዳበሪያ ዕዳ እንደቀረበት የሚታወቀው ከመዝገብ ነው። መዝገቡ ደግሞ ዛሬ በሒሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። መጋዘን ቢቃጠል መድን ሊተካው ይችላል። መዝገብ ከጠፋ ግን የትርፍ ክፍፍሉ በምን ይሠራል? አባልንና ማኅበርን እንደዚህ የሚያጣላ ነገር የለም።

ሜርስክ በተባለው የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት ላይ የደረሰው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ቫይረስ በዩክሬን በስፋት ከሚሠራበት የሒሳብ ሶፍትዌር ጋር ተደባልቆ ወደ ድርጅቱ ገባና በኔትወርክ ተዛመተ። በወደብ በሮች ላይ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ቀሩ። ድርጅቱ 45,000 ኮምፒዩተሮችንና 4,000 ሰርቨሮችን በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ማደራጀት ግድ ሆነበት፤ ኪሳራውም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

ድርጅቱ ቅጂ አልነበረውም ማለት አይደለም። ማን ምን እንዲከፍት እንደተፈቀደለት የሚይዙት ሰርቨሮች 150 ያህል ሲሆኑ፣ አንዱ የሌላው ቅጂ ነበር። ሁሉም በአንድ መስመር በመያያዛቸው ግን አብረው ጠፉ። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጋና ውስጥ። ለምን ቢባል፣ በዚያን ሰዓት እዚያ መብራት ጠፍቶ ነበር! (መብራት በጠፋ ቁጥር ለሚማረር ሰው ይህ ትንሽ ማጽናኛ ይሆነዋል።) መረጃውን ወደ እንግሊዝ ለመላክ የኢንተርኔቱ መስመር አልቻለም፤ የጋናዎቹ ሠራተኞችም የእንግሊዝ ቪዛ አልነበራቸውም። በመጨረሻ አንዱ ናይጄሪያ ድረስ በርሮ ሃርድ ዲስኩን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለሌላ ባልደረባ አስረከበ።

መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ኦቪኤች የተባለው ድርጅት የመረጃ ማዕከል ተቃጠለ። መጠባበቂያ ቅጂያቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ አንዳንድ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት አጡ።

አርሶ አደሩ የዘር እህሉን ከቀለቡ ለይቶ የሚያስቀምጠው ለዚህ ዓይነት ቀን ነው። የዩኒየኑም መዝገብ በየሳምንቱ በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ፣ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ በሌላ ቦታ መቆለፍ አለበት። ሁልጊዜ የተሰካ ፍላሽ ቅጂ አይባልም፤ ቫይረሱ እሱንም ያገኘዋል። የአባላት የሒሳብ መግለጫም በየወሩ ታትሞና ማኅተም ተደርጎበት ለየመሠረታዊ ማኅበሩ ቢላክ፣ አባሉ ራሱ የመዝገቡ ጠባቂ ይሆናል።

ከሁሉ የሚዘነጋው ግን ሙከራው ነው። ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ፣ የጥቂት አባላት ሒሳብ ከደረሰኛቸው ጋር ካልተመሳከረ፣ ቅጂ አለ ብሎ መመካት አይቻልም። ሥራውን የሚያውቀውም የሒሳብ ሹሙ ብቻ መሆን የለበትም፤ እሱ ቢታመም የይለፍ ቃሉ ታሽጎ ከሥራ አስኪያጁ ካዝና ይገኝ። ኮምፒዩተሩ እስኪመለስ በእጅ የሚሠራበት ባለ ቁጥር ደረሰኝም አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ሙከራው ከመኸር ምርት ግዢ በፊት ቢደረግ ይመረጣል፤ ግዢው ከተጀመረ በኋላ ሒሳብ ክፍሉ ቀና ብሎ ለማየትም ጊዜ የለውም።