ስለ አንዲት የፈረንሳይኛ ዐረፍተ ነገር



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር እጅግ ትንሽ ነው። ስለ ትምህርት መስፋፋትና ስለ መምህር ክብር ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች ተናግረዋል፥ ገናም ይናገራሉ። እኔ የማነሣው ፈረንሳይኛ የሚጀምር ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያገኛትን አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው። እርሷም «ኢል ኢ ኣ ኧን ሊቭር ሲዩር ላ ታብል» የምትለዋ ናት፤ ትርጓሜዋም «ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ አለ» ማለት ነው።

ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ከመዛወሬ በፊት ፈረንሳይኛ ሳስተምር ይህችን ዐረፍተ ነገር በጥቁር ሰሌዳ ጽፌ አንዱን ተማሪ ተርጉም አልሁት። ልጁም ቃሎቹን አንድ በአንድ እየተመለከተ «እርሱ እዚያ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ አለው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። «ሦስቱ ቃሎች ተጋጥመው አለ ማለት ናቸው፤ እንዳሉ በቃልህ ያዛቸው» ብዬ አስቀመጥሁት። ልጁ ተቀመጠ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም እጁን አላነሣም።

ስሕተቱ የማን እንደ ነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እስቲ የተናገረውን እንመርምር። «ኢል» እርሱ ማለት ነው። «ኢ» እዚያ ማለት ነው። «ኣ» ደግሞ «አቯር» ከሚባለው ግሥ የወጣ ሆኖ አለው፥ ያዘ ማለት ነው። እንግዲህ ልጁ አንዲት ቃል እንኳ አልሳተም፤ የሳተው የቃሎቹን ጋብቻ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ራሱ «እርሱ እዚያ አለው» እያለ ይናገራል። ይህ «እርሱ» የተባለው ማን ነው ቢባል ግን ማንም አይደለም፤ ግሡ ያለ ባለቤት እንዳይቆም ቦታውን የሚጠብቅ ባዶ ባለቤት ነው። «ኢል ፕለ»፥ ማለት ይዘንባል፥ ሲሉም ይኸንኑ ያመጡታል።

ከዚህ ላይ የራሳችንን ቋንቋ መመልከት ይገባል። እኛ «መጽሐፍ አለ» እንላለን፤ በዚያው ግሥ ላይ የሰውየውን ምልክት ጨምረን ደግሞ «መጽሐፍ አለኝ» እንላለን። «ላም አለችኝ»፥ «ልጆች አሉኝ» ስንል ግሡ የሚከተለው ላሚቱንና ልጆቹን እንጂ እኔን አይደለም። በሰዋስው ሥርዓት ባለቤቷ ላሚቱ ናት፤ እኔ በግሡ ጫፍ ተንጠልጥያለሁ። (ከብት ያላቸው ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ደስ አይላቸውም።) ስለዚህ አማርኛ ከመኖር ተነሥቶ መያዝን ይናገራል፤ ፈረንሳይኛ ከመያዝ ተነሥቶ መኖርን ይናገራል። ያ ልጅ ሁለቱ መንገዶች ከሚተላለፉበት ስፍራ ደርሶ ነበር፤ እኔ በሳቅ መለስሁት።

ነገሩ ለጨዋታ ያህል የሚነሣ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጡት ስሕተቶች ከዚሁ ይወለዳሉና። መጻሕፍቱ ብዙ ሲሆኑ አማርኛው «አሉ» ይላል። ተማሪዎቻችን አስቀድመው የሚማሩት እንግሊዝኛም «ዜር ኢዝ» የሚለውን «ዜር አር» ብሎ ያበዛል። በዚህ የለመደ ልጅ ፈረንሳይኛውንም ለማብዛት ይሞክራል። ነገር ግን «ኢል ኢ ኣ ዴ ሊቭር» ሲባል ግሡ ፈጽሞ አይለወጥም፤ መጻሕፍቱ ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይደሉምና። «ኣ» ማለት አለው ማለት እንደ ሆነ የተረዳ ልጅ ይህን ሳይነግሩት ሊደርስበት ይችላል፤ ሦስቱን ቃሎች እንደ አንድ ድንጋይ የተሸከመው ግን እንደ ገና ሌላ ደንብ በቃሉ ይይዛል።

ስለ መስተአምሩም ጥቂት ልናገር። «ኧን ሊቭር» ገና ያልታወቀ መጽሐፍ ነው። የታወቀ ሲሆን «ለ ሊቭር ኤ ሲዩር ላ ታብል» ይላሉ፤ ይኸውም «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» ማለት ነው። እነርሱ ከስሙ በፊት በሚያቆሙት ቃል የሚለዩትን እኛ በስሙ መጨረሻ ላይ እንለየዋለን። «ላ» ምን እንደ ሆነች ለማስረዳት የአዲስ አበባው ለገሃር ይበቃል፤ «ላ ጋር» ማለት ጣቢያው ማለት ሲሆን፥ እኛ መነሻዋን ከስሙ ጋር አንድ አድርገን ስለ ወሰድናት ዛሬ «ለገሃር ጣቢያ» እንላለን።

አሁን በማሠልጠኛው የማስተምራቸው ዕጩ መምህራን የሚበዙት እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ናቸው። ለልምምድ ሲወጡ፥ እንግዳ ትርጉም ባጋጠማቸው ጊዜ ቀይ ከማስመራቸው በፊት «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብለው ልጁን እንዲጠይቁ አዝዣቸዋለሁ። ከእነርሱ አንዱ «ኢት ሀንግሪ ሚ» የሚል ጽሕፈት አግኝቶ እንደ ታዘዘው ጠየቀ። ልጁም እርሳሱን አንሥቶ በደብተሩ ኅዳግ «ራበኝ» ብሎ ጻፈና «ኝ» የምትለዋን ፊደል በጣቱ አሳየው።