ይታደስ ወይስ ይቆይ? የኮምፒውተር ስርዓተ ክወናን ስለ መቀየር



ባለፈው ጥር ወደ ስማዳ ወረዳ፣ ወደ ወገዳ ከተማ ሄጄ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል የምትሠራ ጸሐፊ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «መምህር፣ ይህ ዊንዶውስ ይቀየር እያሉኝ ነው፤ ከተቀየረ በኋላ ደብዳቤዎቼን ማን ያነብልኛል? እርስዎ ምን ይሉኛል?» የዛሬው ንግግሬ ለእርሷ ልሰጠው የሞከርሁት መልስ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሩ በማግስቱ አልቆመም፤ ብዙዎችን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ የደኅንነት ክፍተት ግን ሳይደፈን ይቀራል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሥራ ባስተጓጎለ ጊዜ፣ መድፈኛው ከወጣ ሁለት ወር ያህል ሆኖት ነበር፤ የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው። «እኛ እኮ ኢንተርኔት የለንም» የሚል መልስ በእስቴም በጋይንትም እሰማለሁ። ዳሩ ግን ከቢሮ ቢሮ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ መዝገብ ቤት የሚዞረው ፍላሽ ዲስክ ምንድን ነው? የእኛ መረብ እርሱ ነው።

ይህን ብልም የጸሐፊዋ ስጋት ከባለሙያዎቹ ችኮላ ይልቅ ትክክል ነበር። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ንያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ የመጣው በቪስታ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የፊደሎቻችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ የሚደርቡ ነበሩ። እኛ «ለ» ብለን ያነበብነውን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በላቲን ምልክትነቱ ነው። ቅርጹ ከጠፋ ደብዳቤው ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። የእርሷም የዓመታት ደብዳቤዎች የተጻፉት በዚህ ዓይነት መጻፊያ ነው፤ የተቀመጡትም ዴስክቶፕ ላይ፣ ማለትም ባለሙያው ሊያጠፋው ባሰበው በዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። (ፎርማት ከማድረግ በፊት «የምታስቀምጪው አለ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል?)

የመሣሪያው ጉዳይ አጭር ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል። በክፍሉ ከነበሩት ሁለት ኮምፒውተሮች ይህን የሚያሟላው አንዱ ብቻ ነው። ፍተሻውን አታልሎ መጫን ይቻላል፤ ለመንግሥት መዝገብ ግን አልመክረውም።

ስለዚህ የሚችለው ኮምፒውተር ይታደስ አልሁ። አሮጌው ከማንኛውም መረብ ተለይቶ፣ ለዚሁ ብቻ በተመደበ አንድ ፍላሽ፣ ደብዳቤዎቹ ወደ ዩኒኮድ ተለውጠው እስኪያልቁ ድረስ ማንበቢያ ሆኖ ይቆይ። መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን በዓይን ማመሳከርን አያስቀሩም።

ጸሐፊዋ የጀመረችው ከመሬት ይዞታ ደብዳቤዎች ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ አብረን ስናመሳክር፣ በአንድ ባለይዞታ አባት ስም ላይ አንድ ፊደል በሌላ ተተክቶ አገኘን። እርሷም ብዕሯን አንሥታ የቀሩትን ገጾች ቁጥር በወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች።