በመከራ ቀን ስለሚገኝ ወዳጅ
በጀሞ፥ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተነገረ ቃል



በማዕድ ዙሪያ ወዳጅ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም፤ እንጀራው እስካለ ድረስ የሚቀመጥ አይጠፋምና። የሚያስቸግረው ሥራው ወደ መከራ መሄድ የሆነውን ሰው መውደድ ነው። ሌላው ሁሉ ከረኃብና ከጎርፍ፥ ከእሳትም ሲሸሽ፥ የፎቶግራፍ መሣሪያውን አንግቦ ወደዚያው የሚገሠግሥ ሰው አለ። የእንዲህ ያለ ሰው ወዳጅ የሚሆን ምን ዋጋ ይከፍላል? ፎቶግራፍ ለሚነሣው መከረኛስ ወዳጁ ማን ነው? ይህን ለመመርመር የመሐመድ አሚን ታሪክ ይረዳል፤ ሥራውም፥ ጉዳቱም፥ ሞቱም ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነበርና።

መሐመድ አሚን በ1935 ዓ.ም. በናይሮቢ ከተማ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ ካሜራፒክስ የሚባለውን የፎቶግራፍና የፊልም ድርጅት አቋቋመ፤ በአፍሪካም የደረሰውን ጦርነትና ረኃብ እየተከተለ ለዓለም ያሳይ ነበር። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ከቢ.ቢ.ሲ. ወሬ ነጋሪ ከማይክል በርክ ጋር ወደ መቀሌና፥ በዚያ ዘመን በወሎ ክፍለ ሀገር ወደ ነበረችው ወደ ኮረም ሄደ። ድርቁ ሰብሉን አጥፍቶ፥ ጦርነቱም የእህሉን መንገድ ዘግቶ ነበር። መንግሥቱ ግን የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ሥነ ሥርዓት ካከበረ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። በኮረም ሜዳ ላይ በብርድ ተኰራምቶ የሚያድረው ሕዝብ ከቀን ወደ ቀን ይሞት ነበር።

ሥዕሉን መሐመድ አነሣ፤ ቃሉን በርክ ተናገረ። ሥዕሉ ያለ ቃል ዲዳ፥ ቃሉም ያለ ሥዕል የማይታመን በሆነ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን በታየ ጊዜ ያየው ሁሉ ደነገጠ፤ ከ400 የሚበልጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተቀብለው አሳዩት። ከዚህ የተነሣ ቦብ ጌልዶፍ የሚባለው ዘፋኝ ባልንጀሮቹን ሰበሰበ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ጉባኤም ለእርዳታ ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ።

የወዳጅነቱ ዋጋ ግን ከዚያ በኋላ ተገለጠ። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንድ የጥይት ግምጃ ቤት በእሳት ሲነድ፥ መሐመድና በርክ እንደገና በአንድነት ነበሩ፤ ድምፅ የሚቀዳላቸው ጆን ማታይም አብሮአቸው ነበር። በድንገት በደረሰው ፍንዳታ ጆን ማታይ ሞተ፤ መሐመድም ግራ ክንዱን አጣ። በርክ በሕይወት ተረፈ። መሐመድ በሰው ሠራሽ ክንድ እየታገዘ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ወዳጁ ማታይ ግን አልተመለሰም።

ሌላም ወዳጅ ነበረው፤ ብርያን ቴትሊ የሚባል ጸሐፊ። ለመሐመድ የፎቶግራፍ መጻሕፍት ቃሉን የሚያዘጋጅ እርሱ ነበር፤ የመሐመድንም የሕይወት ታሪክ ጽፎ አሳትሟል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ሁለቱ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ሲሄዱ፥ ሦስት ሰዎች አይሮፕላኑን በግድ ያዙት። ነዳጁ ባለቀ ጊዜ ካፒቴን ልዑል አባተ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ በባሕር ላይ ሊያሳርፈው ደከመ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ ፎቶግራፍ አንሺውና ጸሐፊው በአንድ ቀን፥ በአንድ ባሕር አለፉ።

እስከዚህ የተነገረው የባልንጀሮቹን ታማኝነት ያስረዳል። ነገር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። የበርክ፥ የማታይና የቴትሊ ስማቸው ይታወቃል፤ በኮረም ሜዳ የተቀመጡት ግን ፊታቸው በዓለም ሁሉ ሲታይ ስማቸውን የጠየቀ ጥቂት ነው። ሰው በውርደቱ ሰዓት መታየቱ ራሱ ሌላ ቍስል ነው። ስለዚህ ሥዕሉ የተራበውን ለመመገብ ካልረዳ፥ የመከረኛውን ኀፍረት ከመግለጥ በቀር ምን ይረባዋል? የኮረም ሥዕል እህል አስመጥቷል፤ ሆኖም የሩቁ ሰው ስጦታውን ልኮ ፊቱን ሲመልስ፥ መከረኛው ዳግመኛ ብቻውን ይቀራል።

ፊቱን ያልመለሰ ግን ተገኝቷል። በዚያው ዘመን ብርያን ስትዋርት የሚባል የካናዳ ጋዜጠኛ ከባልደረቦቹ ጋር በትግራይ ሳለ፥ ልትሞት ነው የተባለች አንዲት ሕፃን በፊልም ተነሣች፤ ስሟም ብርሃን ወልዱ ነው። ሕፃኒቱ ሳትሞት ቀረች። ስትዋርትም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ፈልጎ አገኛት፤ ትምህርቷንም እንድትማር ረዳት። ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በለንደን በተደረገው ሌላ ታላቅ የሙዚቃ ጉባኤ፥ ያች ሕፃን አድጋ በብዙ ሕዝብ ፊት ቆመች። ስትዋርት ፊልሙ ታይቶ ካለቀ በኋላ ተመልሶ መጥቷልና፥ ሥዕል ብቻ የነበረችው ልጅ ባለ ስም ወዳጅ ሆነች።

ይህ ነገር ለጀሞ ሰው ሩቅ አይደለም። ጀሞ ቀድሞ የእርሻ መሬት ነበረች፤ ዛሬ ግን ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ በጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንድ ደረጃ ይወጣል፥ ይወርዳል። ከዚህ ሕዝብ መካከል 1977ን በዓይኑ ያየ፥ በዚያም ዘመን ወገኑን ያጣ ሊኖር ይችላል። ደግሞም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዚህ ብዙ በማይርቀው በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች በቤታቸው ሳሉ ሞቱ። ፎቶግራፍ አንሺዎች መጡ፤ መምጣታቸውም ተገቢ ነበር፤ ያልታየ ኀዘን ረዳት አያገኝምና። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ወደ ሌላው ወሬ ሄዱ፤ ሥራቸው ይህ ነውና አይወቀሱም። የጎረቤት ሥራ ግን የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ የመከራን ሥዕል በጋዜጣም ሆነ በእጃችሁ በያዛችሁት ስልክ ስታዩ፥ ለሦስቱ አስቡ። ሥዕሉን ያነሣው አካሉን ለአደጋ የሰጠ ሰው መሆኑን አስታውሱ። ከእርሱ ጋር የሄዱትን፥ ስማቸው በሥዕሉ ላይ የማይጻፈውን ባልንጀሮቹን አትርሱ። ከሁሉም ይልቅ የተነሣውን ሰው ስሙን ጠይቁ። ድንኳኑ ሲፈርስ፥ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ሲመለስ፥ በአርባው፥ በሰማንያውና በሙት ዓመቱ የኀዘንተኛውን በር አንኳኩ። ዓለም መከራውን በአንድ ቀን አይቶ ሲያልፍ፥ ወዳጅ ግን ዓመት ቈጥሮ ይመለሳል።