የማተሚያ መኪና እንቢ ባለ ጊዜ ስለሚደረግ ምርመራ
በሲሪንቃ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የትምህርት ቤትን ገንዘብና የልጆችን ፈተና የሚነካ ነው። ፕሪንተር የሚባለው የማተሚያ መኪና፥ ይልቁንም ያረጀው፥ እንቢ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው «ሞተ» ብሎ ይፈርድበታል። እኔም በአንድ ትምህርት ቤት ሳለሁ በፈተና ዋዜማ መኪናው አልበራ ቢለን ጭነን ወደ ከተማ ሰደድነው። የተመለሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ጥፋቱም ከጀርባው የላላ ገመድ ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ ጥያቄውን ከጥቁር ሰሌዳ እየገለበጡ ተፈተኑ፤ የመጓጓዣውም ገንዘብ በከንቱ ጠፋ። ስለዚህ ከመፍረድ በፊት መመርመር ይገባል።

የምርመራውን ሥርዓት ከሩቅ መፈለግ አያሻም። እዚሁ በሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል አንዱ የማሽላ ዘር ከሌላው ጋራ ሲወዳደር፥ መሬቱና እንክብካቤው አንድ ሆኖ ዘሩ ብቻ ይለያያል፤ እንዲህ ካልሆነ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ አይታወቅም። የመኪናም ነገር እንዲሁ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሁሉን የነካካ ሰው መኪናው ቢነሣለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም።

በመዠመሪያ የኃይሉን መንገድ ከግድግዳው አንሥታችሁ እስከ መኪናው ተከተሉ። በሶኬቱ ላይ ሌላ የሚሠራ ዕቃ፥ የስልክ ቻርጀርም ቢሆን፥ ሰክታችሁ እዩ። ሶኬቱ ደኅና ከሆነ ዲቫይደሩን ተዉና መኪናውን በቀጥታ ከግድግዳው ሰኩ። ቀጥሎም ገመዱን ለውጡ፤ የብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ገመድ ከኮምፒዩተሩ ገመድ ጋራ አንድ ዓይነት ነውና። በጀርባው የተጻፈውንም ቮልት አንብቡ፤ የአገራችን ኃይል 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ መኪና በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ቀለሙን በሙቀት የሚያጣብቀው ሌዘር ደግሞ በሚሞቅበት ጊዜ ብዙ ኃይል ይስባልና በትንሽ ዩፒኤስ ላይ አይሰካም።

መብራቱ በርቶ ሳለ ማተም እንቢ ያለ እንደ ሆነ፥ የኮምፒዩተሩን ገመድ ነቅላችሁ መኪናውን ብቻውን ፈትኑት። ብዙዎቹ የነጥብ ማተሚያዎች የወረቀት ማሳለፊያው ቁልፍ ተይዞ ሲበሩ የመፈተኛ ገጽ ያትማሉ፤ ለሌዘሩም ብዙ ጊዜ ለዚሁ የሚሆን ቁልፍ አለው። ገጹ ደኅና ከወጣ፥ ጥፋቱን ከገመዱ ወይም ከኮምፒዩተሩ ዘንድ ፈልጉ።

ሰፊው አሮጌ ገመድ በመኪናው በኩል 36፥ በኮምፒዩተሩ በኩል 25 መገናኛ አለው። ሁለቱንም አጥፍታችሁ ንቀሉት፤ የታጠፈ መርፌ እንዳለ እዩ፤ መልሳችሁም በሁለቱ የሽቦ መያዣ አጥብቁት። ዩኤስቢ የሚሉት ገመድ ከ5 ሜትር በላይ ባይረዝም ይሻላል፤ ሌላ ቀዳዳም ሞክሩለት። በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ ጽሑፉን ለሌላ ማተሚያ እየላከ እንዳይሆን፥ ወይም የቆመ ሥራ ወረፋውን ዘግቶ እንዳይሆን ተመልከቱ።

ድፍረት ግን ልክ አለው። የቃጠሎ ሽታ ቢሸታችሁ ወይም ፊውዙ ደጋግሞ ቢቃጠል ወዲያው ንቀሉና ለባለሙያ ስጡ። የኃይል መስጫውን ሣጥን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ በውስጡ የተጠራቀመው ኃይል ሰውን ይመታል። መብራት በሄደ ጊዜም መኪናውን ነቅላችሁ፥ ተመልሶ እስኪጸና ድረስ ቈዩ።

እናንተም ሽማግሎች፥ ለጥገና ገንዘብ ስትጠየቁ ከመፍቀዳችሁ በፊት «ሶኬቱ ተፈተነን? ገመዱ ተለወጠን? መኪናው ብቻውን አተመን?» ብላችሁ ጠይቁ። መምህሩም ያየውን በደብተር ጽፎ ያስረዳ፤ ወደ ባለሙያ የሚሄድ እንደ ሆነም ይህ ጽሑፍ አብሮት ይሂድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ተብሏልና።