ባዶው ቦታ ይስባል ወይስ ይገፋል?
(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ፣ ኦስሎ፣ ከተደረጉት ንግግሮች አንዱ)



 ኮሚቴው «የታክሲ ልጆችም አንድ ነገር ይናገሩ» ሲል ብዙዎቻችሁ ስለ ሌሊት ሥራና ስለ መኪና ወጪ የምናወራ መስሏችሁ ይሆናል። እሱንማ በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። እኛ ሁለት ነጂዎች አራት ኪሎ ፊዚክስ ስንማር ይዘነው የወጣነው አንድ ስሕተት አለን፤ ሃያ ዓመት ያህል አብሮን ኖሯልና ዛሬ በፊታችሁ እንናዘዘዋለን። ዘመኖቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከአንድ ሣጥን አየሩን ብናወጣ፣ ብርሃኑን ብናጠፋ፣ ሙቀቱንም የቻልነውን ያህል ብናወርድ፣ በኳንተም ፊዚክስ ሕግ መሠረት የኤሌክትሮማግኔቲክ መስኩ ፈጽሞ ዝም አይልም። የክራርን ጅማት አስቡ። ሁለት ጫፉ ስለታሰረ የሚያወጣቸው ድምፆች የተወሰኑ ናቸው። መስኩም በሁለት ብረቶች መካከል ሲታጠር እንዲሁ የተወሰኑ ንዝረቶች ብቻ ይፈቀዱለታል፤ እያንዳንዱም ንዝረት የማይወሰድ ጥቂት ኢነርጂ አለው። በ1948 ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ካሲሚር ይህን አስልቶ፣ ኤሌክትሪክ ያልተሞሉ ሁለት ትይዩ ብረቶች እንደሚሳሳቡ አሳየ። ርቀታቸው በግማሽ ሲቀንስ ስበቱ 16 እጥፍ ይሆናል። በመካከላቸው 10 ናኖሜትር ብቻ ቢቀር፣ ብረቶቹም እንከን የሌላቸው አስተላላፊዎች ቢሆኑ፣ ግፊቱ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ጋር ይቀራረባል።

ችግሩ ንዝረቶቹ ተቆጥረው አለማለቃቸው ነው፤ ስለዚህ ድምሩም ማለቂያ የለውም። መፍትሔው ግን ለታክሲ ነጂ እንግዳ አይሆንበትም። ከጋርደርሞን የጫንነውን ሰው መኪናው ከተሠራ ጀምሮ የሄደውን ኪሎሜትር ሁሉ አናስከፍለውም፤ የምናስከፍለው ልዩነቱን ነው። እዚህም ብረቶቹ ሲኖሩና ሳይኖሩ ያሉትን ሁለት ድምሮች፣ እጅግ ፈጣኖቹን ንዝረቶች ቀስ በቀስ እያደከምን፣ እናቀናንሳለን። የሚተርፈው ውሱን ቁጥር ነው።

እንግዲህ ስሕተታችን። ካሲሚር በ1953 አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ኤሌክትሮን እንደ ትንሽ ኳስ ቢታሰብ የገዛ ኤሌክትሪኩ ሊበትነው ይገባል፤ ምናልባት ሰብስቦ የሚይዘው የባዶው ቦታ ስበት ይሆን? እኛም በመኝታ ክፍላችን «ጠፍጣፋው ከተሳሳበ ኳሱም ይኮማተራል» ብለን በደብተራችን ጻፍን። አንድ ጓደኛችን «ሳታሰሉ እንዴት አወቃችሁ?» ብሎ ተከራከረን። ሳቅንበት።

ከዚያ ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ስደቱ፣ የኖርዌይኛው ትምህርት፣ የታክሲው ፈተና ተከታተሉ። አንድ የክረምት ሌሊት በኦስሎ ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ ተራ ስንጠብቅ በስልካችን ላይ ስናነብ መልሱን አገኘነው። ለካ እኛ ገና ሳንወለድ፣ በ1968፣ አሜሪካዊው ቲሞቲ ቦየር አስልቶት ኖሯል፤ ኳሱ ወደ ውጭ ይገፋል! የካሲሚርም ተስፋ በዚያው ቀረ።

ስሌቱ የሚከብደው ለምንድን ነው? የክራር ጅማት ድምፆች አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እያሉ በሥርዓት ይሄዳሉ። የከበሮ ቆዳ ድምፆች ግን እንዲህ አይሰለፉም። ጎባጣ ነገርም እንደ ከበሮው ነው፤ ንዝረቶቹን ቤሰል ከሚባሉት ፈንክሽኖች አንድ በአንድ መፈለግ ያስፈልጋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከጎባጣው ወለል አጠገብ ኢነርጂው ያለ ልክ ማደጉ ነው። ለስስ የብረት ኳስ የውስጡና የውጩ ጉብጠት ተቃራኒ ስለሆኑ እነዚህ ትርፎች ይጣፋሉ። ስለዚህ የውስጡን ብቻ የደመረ ሰው የትም አይደርስም። እኛ እንኳን የውስጡን፣ ምንም አልደመርንም ነበር።

በዚሁ በኖርዌይ፣ በትሮንድሄይም፣ ፕሮፌሰር ኢቨር ብሬቪክ በዚህ ጉዳይ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል፤ በተለይም ከብረት ይልቅ እንደ መስተዋትና ውሃ ካሉ ነገሮች ስለተሠሩ ኳሶች። በድምፅ ሞገድ የምትመታ የአየር አረፋ በውሃ ውስጥ ብርሃን ታወጣለች። ጁሊያን ሽዊንገር ብርሃኑ ከዚህ ከባዶው ቦታ ኢነርጂ ይመጣል ብሎ ነበር። ብሬቪክ፣ ማራቼቭስኪና ሚልተን ግን በ1999 አስልተው አይደለም አሉ። ሽዊንገር የኖቤል ተሸላሚ ነው፤ በግምት የሳትነው እኛ ብቻ አለመሆናችን ትንሽ አጽናናን።

ያ ጓደኛችን ዛሬ አገር ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ተራችን ሳይደርስ ደወልንለት። አገር ቤት ገና ሳይነጋ ነበር፤ ከእንቅልፉ ቀሰቀስነው። «ወንድማችን፣ ኳሱ ይገፋል፤ ይቅርታ» አልነው። ዝም ካለ በኋላ «ቧንቧውስ?» አለን።

ቧንቧውን በ1981 ዴራድና ሚልተን አስልተውታል፤ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ግን በጣም በደካማው። ይህን ልንነግረው ስንል «ቆይ፣ አትንገሩኝ፤ ራሴ ላስላው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እስካሁን አልደወለም።