ሊንኩ የት ገባ?

(በሆሳዕና የራስ አገዝ ቡድኖች የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የቁጠባ መዝገባችን ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጣል። የተማርነው ሁሉ ግን የነበረው በጸሐፊያችን ስልክ ውስጥ ነው፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታ መከላከያው፣ የብድር ቅጹ፣ የሥልጠና ቪዲዮው፣ ሁሉም በቴሌግራም የተላከ ሊንክ። ባለፈው ክረምት ስልኳ ውሃ ገባበት። ከየስልካችን ለቃቅመን ስንከፍት ደግሞ ብዙዎቹ «ገጹ አልተገኘም» አሉን። ያን ሰሞን የአንዷ አባላችን እንሰት መጠውለግ ጀምሮ ነበር። ቢላዋው በእሳት ነው የሚጸዳው ወይስ በበረኪና እያልን ስንከራከር ሰነበትን። ሁለቱም እንደሚሆን ያወቅነው ሌላ ማሳ ከተነካ በኋላ ነው።

ሊንክ አድራሻ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ቤቱን ከዘጋው ደጅ ላይ መቅረት ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው፣ በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶው ከዐሥር ዓመት በኋላ አይገኙም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዱራሜው ታሪክ ነው። ቦጋለች ገብሬ በ1997 እ.ኤ.አ. «ከምባቲ መንቲ ገዚማ»ን ከእህታቸው ጋር መሠረቱ፤ በ2019 አረፉ። ልጄ ስለ እሳቸው ስትፈልግ ያገኘችው አብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ በውጭ ጋዜጦች ገጽ ላይ ነው። በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ስትዳር ያዩ እናቶች ግን እዚሁ አገራችን አሉ። እነዚያ ገጾች ቢዘጉ ልጆቻችን ከማን ሊሰሙ ነው?

አሁን አንድ ደብተር ከፍተናል። ሊንክ ሲመጣ ቀኑን፣ ስለ ምን እንደሆነና ማን እንዳመጣው እንጽፋለን። «ጠቃሚ ነው» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ ከወር በኋላ ምንም አይነግረንም። ፋይሉን ራሱን አውርደን በሁለት ስልክና በአንድ ፍላሽ እናስቀምጣለን። ለሁሉም ክፍት የሆነ ገጽ ሲሆን አድራሻውን ዌይባክ ማሽን ላይ እናስገባለን፤ በነጻ ቅጂ ያስቀምጣል። የቴሌግራም ቡድናችንን ወሬ ግን አያስቀምጥልንም፤ እሱን በስክሪንሾት ነው። የእንሰቱን ምክር አሳትመን ከገንዘብ ሣጥኑ ውስጥ ከተነዋል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ጸሐፊዋ በሀዲይኛ አንብባ በድምፅ ቀድታዋለች።

ለጋሾቻችንም እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልለምን። የሥልጠና ጽሑፍ ስትልኩልን ሊንኩን ብቻ አትላኩ፤ ፋይሉንም አብራችሁ ላኩልን።