ስለ ቤት እንስሳት ርኅራኄ፤ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ በብሉይ ሕግ ባሪያ ነጻ የሚወጣበት፥ የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት፥ ምድርም ከመታረስ የምታርፍበት አምሳኛው ዓመት ነው። በዚያው የሕግ ክፍል፥ በየሰባቱ ዓመት ምድር ስታርፍ ሳይዘራ የበቀለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለከብትና ለአራዊትም መብል እንዲሆን ታዟል። እንግዲህ ከኢዮቤልዩ ደስታ አፍ የሌለው ፍጥረትም ድርሻ እንዳለው ከዚህ ይታወቃል።

የኢትዮጵያ ገበሬ የበሬውን ዋጋ በመከራ ተምሮታል። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል በመጣ ከብት የገባው የደስታ በሽታ አብዛኛውን የአገሩን ከብት ፈጀ። ቀንበር የሚሸከም ስለ ጠፋ እርሻው ጦም አደረ፤ ክፉ ቀን የተባለውም ረኃብ እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ። አፄ ምኒልክ ለሕዝቡ አርአያ ይሆኑ ዘንድ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ይነገራል። ያ በሽታ በክትባት ብርታት በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። በሽታው ቢጠፋም ቸልታ ግን አልጠፋም።

በሬስ ስንኳ ጥቂት ዕረፍት አለው፤ በሰንበትና በበዓል ሞፈር አይነሣምና። አህያ ግን በብዙ አገር ገበያው ቅዳሜ ስለ ሆነ፥ ጌታዋ ሰንበትን አከበርሁ እያለ እርሷን ይጭናታል። ኦሪት ግን በሬውም አህያውም በሰንበት ያርፉ ዘንድ ሁለቱንም በስማቸው ጠርታ አዝዛለች። በአህያ ብዛት ኢትዮጵያ የዓለም ቀዳሚ ናት። ውኃውን ከምንጭ፥ እህሉን ከአውድማ፥ እንጨቱን ከዱር የምታመጣ አህያ ናት። የድኻይቱ ባልቴት ጀርባ ያልጐበጠው የአህያዋ ጀርባ ስለ ተሸከመ ነው።

ገጣባ ከጭነት ብዛት ብቻ አይመጣም። መደላድሉ ሲሳሳ፥ ጭነቱ ወዳንድ ወገን ሲያደላ፥ ቀጭን ገመድ ቆዳውን ሲቈርጥ ይመጣል። መከላከያውም ቀላል ነው። መደላድሉ ወፍራም ሆኖ በግራና በቀኝ ይረፍ እንጂ የጀርባውን አጥንት አይጫን፤ ገመዱ ሰፊና ለስላሳ ይሁን፤ ሦስት ዓመት ያልሞላው ውርንጭላ አይጫን፤ ከመንገድ በፊትና በኋላ ውኃ ይሰጥ። ቁስሉ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ይታጠብ፤ እስኪሽርም እንስሳይቱ ትረፍ፤ ከበረታም የእንስሳት ሐኪም ይያት። በቁስል ላይ የሚጭን ሰው የራሱን እንጀራ ያሳጥራል።

«ለሰው ያልበቃው እንዴት ለእንስሳ ይተርፋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከተቈጠረው ሁሉ አብዛኛው እፍኝ ገለባና ጥቂት ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዶሮም ለበዓል ስትወሰድ እግሯ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥላ ትውላለች፤ በቅርጫት ብትያዝ ግን ወጡ አይጐድልም።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው አህያ ስለ ቆዳዋ እንዳትታረድ ለ15 ዓመት ከለከሉ። ከውጭ ነጋዴ መሪዎች ከጠበቋት፥ ከገዛ ጌታዋ ማን ይጠብቃት? ዘመኗን ሁሉ አገልግላ ጕልበቷ ሲያልቅ ለጅብ ትጣላለችና።

የበለዓም አህያ በግፍ ስትደበደብ እግዚአብሔር አፏን ከፍቶላት ጌታዋን ወቀሰችው። የዛሬዪቱ አህያ አፍ አልተከፈተም፤ ስለ እርሷ የሚናገረው ቁስሏ ነው። ስለዚህ የነፍስ አባት ልጁን ስለ ጾሙ እንደሚጠይቀው፥ ስለ አህያውም ጀርባ ይጠይቀው። ምእመኑም በበዓል ቀን ወደ ደብሩ ሲመጣ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ከመሳለሙ በፊት ጭነቱን ያውርድ፤ እንስሳውንም በጥላ ያሳርፍ። በእንዲህ ያለ ሥራ ኢዮቤልዩ ለከብቱም ይደርሳል።